ከአኮፋዳ እስከ ፓወር ባንክ፦ በጎጃም ደጋ ለማንበብና ለመጻፍ ምን እንያዝ?

ሻንጣውን በጀርባው አዝሎ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ለመውጣት ያሰበ ወጣት መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ጫማ ወይም ስለ ድንኳን አይደለም። «ታብሌት ይሻላል ወይስ ላፕቶፕ? ኪንድል ልግዛ? ስልኬ ብቻውን ይበቃኛል?» ነው የሚለኝ። ጥያቄው ደስ ይለኛል። ሊያነብና ሊጽፍ የሚሄድ ሰው ጥያቄ ነውና። መልሱ ግን ከሱቅ መደርደሪያ አይጀምርም፤ ከመንገዱ ነው የሚጀምረው። ስንት ቀን ትሄዳላችሁ? ምን ያህል ይበርዳል? ሶኬት የት ይገኛል? ኔትወርኩስ? እነዚህን ሳይመልሱ ዕቃ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ከእኛ በፊት የተጓዙት

በጎጃም ምድር መጽሐፍ ተሸክሞ በእግር መጓዝ አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ከጎንደር፣ ከወሎና ከሸዋ እየተነሳ ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማ ጊዮርጊስን ብሎ ቅኔ ፍለጋ ሲመጣ ዕቃው በጣት የሚቆጠር ነበር። ደበሎው ልብሱም ብርድ ልብሱም ነው። አኮፋዳው የለመነውን እህል የሚይዝበት ነው። ዱላው ለውሻ ነው። ዳዊት ካለው ደግሞ በቆዳ ማኅደር ከትቶ በትከሻው ያንጠለጥለዋል። እኛ ዛሬ «ኬዝ» የምንለውን ነገር ያኔ ማኅደር ይሉት ነበር፤ ብራናውን ከዝናብ፣ ከአቧራና ከመንገድ ግጭት የሚጠብቅ የራሱ ማንጠልጠያ ያለው የቆዳ ቤት።

ቅኔውን ደግሞ በወረቀት አይቀምረውም፤ ጥሻ ሥር ተቀምጦ በጭንቅላቱ ነው የሚቀምረው። በጎጃም ቅኔ ቤት ልማድ አንዴ የቀረበ ቅኔ ተመልሶ አይቀርብም፤ ለሌላ ቀን ሌላ ቅኔ ይቆጠራል። እዚህ ላይ ለእኛ የሚሆን ትምህርት አለ። ሸክም ትንሽ ይሁን፤ ያለው ትንሽ ነገር ደግሞ በደንብ ይጠበቅ።

በተቃራኒው የሄደ ሰውም ታሪክ አለን። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ሰከላ ውስጥ ግሽ ዓባይ ሲደርስ የፀሐይና የከዋክብት ከፍታ የሚለካበትን ከባድ መሣሪያ፣ ቴሌስኮፕና የወረቀት ክምር በሰውና በእንስሳ እያስጫነ ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ በኑብያ በረሃ ግመሎቹ አለቁበት። መሣሪያዎቹንም የዓመታት ማስታወሻዎቹንም አሸዋ ላይ ጥሎ ነፍሱን ለማትረፍ ወደ አስዋን በእግሩ ገሰገሰ። እንደ ዕድል ሆኖ ተመልሶ አገኛቸው። ባያገኛቸው ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1790 ያሳተመው ባለ አምስት ጥራዝ መጽሐፉ እንደምናውቀው ሆኖ አይወጣም ነበር። ቅጂ አልነበረውማ! ዛሬ ሁላችንም በኪሳችን ከብሩስ ግመሎች ጭነት የሚበልጥ ነገር ይዘን እንዞራለን፤ ግን ብዙዎቻችን እንደ እሱ አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለን።

አገሩን እንወቅ

ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ የዓባይን በረሃ ወርዳችሁ፣ ደጀን ላይ ወጥታችሁ ነው የምትደርሱት። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። ከእሷ ተነስታችሁ በስናን በኩል ወደ ረቡዕ ገበያ ስትወጡ ስንዴውና ጤፉ ለገብስና ለድንች ቦታ ይለቃል። ከዚያ በላይ አስታው፣ ጓሳውና ጅብራው ይመጣል። የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው።

ይሄ ለዕቃ ምርጫ ምን ማለት ነው? ብዙ ነገር። ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ከሰዓት ጭጋግ ይመጣል። በክረምት ዝናቡ ሳያባራ ይውላል። የገጠሩ ቤት መብራት ብዙ ጊዜ ትንሽ ሶላር ናት፤ እሷም ለአምፖልና ለባለቤቱ ስልክ ብቻ ነው የምትበቃው። በገበያ ከተሞች ግን በጥቂት ብር ስልክ ቻርጅ የሚያደርጉ ትንንሽ ሱቆች ታገኛላችሁ። ስለዚህ ጉዞውን ከገበያ ከተማ እስከ ገበያ ከተማ አድርጋችሁ አስቡት፤ ባትሪያችሁ መቻል ያለበት በመሃል ያሉትን ቀናት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ታውቃላችሁ። መንገዱ ሰላም መሆኑን የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቁ አትነሱ። ዕቃ ስትመርጡ ደግሞ «ኢንተርኔት የለም» ብላችሁ ጀምሩ። ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ምንም ሊጎድልባችሁ አይገባም።

በእጅ የያዙት ወርቅ

አባቶች በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይላሉ። አብዛኞቻችሁ የምትፈልጉት ዕቃ አሁን ይሄን የምታነቡበት ስልክ ነው። ያነባል፣ ይጽፋል፣ ድምፅ ይቀዳል፣ ፎቶ ያነሳል። 200 ግራም ገደማ ነው። ለሦስትና ለአራት ቀን ጉዞ ከእሱ ሌላ ማሽን የግድ አያስፈልግም።

አዲስ ስልክ ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ ግን ለመንገድ የሚጠቅመው ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል እንደሆነ አይደለም። አራት ነገር እዩ። አንደኛ ባትሪው፤ 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ሁለተኛ የስክሪኑ ብርሃን፤ የደጋ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ጽሑፍ ካልታያችሁ ዋጋ የለውም። ሦስተኛ የሜሞሪ ካርድ ቦታ፤ ወይም ቢያንስ ኦቲጂ ፍላሽ የሚቀበል መሆኑ። አራተኛ የውሃ መከላከያው። «አይፒ68» የሚል ምልክት ስታዩ 6 ቁጥሩ ስለ አቧራ ነው፣ 8 ቁጥሩ ስለ ውሃ። ግን ይሄ የተለካው በንጹህ ውሃ፣ በአዲስ ስልክ ነው። ስክሪኑ ተሰንጥቆ የተቀየረለት ስልክ ያን ዋስትና አጥቷል ብላችሁ ቁጠሩ።

ለማንበብ

ረጅም ለሚያነብ ሰው የኢ-ኢንክ መጽሐፍ ማንበቢያ ጥሩ ነገር ነው። ከእነዚህ በጣም የታወቀው ኪንድል እ.ኤ.አ. በ2007 ነው ገበያ የወጣው። ስክሪኑ እንደ ስልክ ዓይን ላይ አያበራም፤ በውስጡ ያሉ ጥቁርና ነጭ ጥቃቅን ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ እየተገፉ ፊደሉን ይሠራሉ። አንዴ ገጹ ከተሠራ በኋላ እዚያው ለማቆየት ኃይል አይፈልግም፤ ኃይል የሚበላው ገጽ ስትገልጡና የጎን መብራቱን ስታበሩ ነው። ስለዚህ አንዴ ሞልታችሁት ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ፀሐይ ላይ ደግሞ ልክ እንደ ወረቀት ይነበባል። ክብደቱም 200 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ግን ሁለት እንቅፋት አለ። የመጀመሪያው ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም ዛሬም በአንዳንድ ማንበቢያ ላይ አማርኛ ስትከፍቱ ባዶ ሳጥን ተደርድሮ ታያላችሁ። አንዳንዶቹ የራሳችሁን ፎንት በኬብል እንድትጭኑ ይፈቅዳሉ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ የአማርኛ ፋይል ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቁ ውስጥ ክፈቱት። ሻጩ «ይሠራል» ቢላችሁም ክፈቱት።

ሁለተኛው ፒዲኤፍ ነው። በቴሌግራም ሲዞሩ የምናያቸው የአማርኛ መጻሕፍት አብዛኞቹ በፎቶ የተነሱ ገጾች ናቸው። የደራሲውን መብት ጉዳይ ለጊዜው ብንተወው እንኳን፣ የፎቶ ፒዲኤፍ በስድስት ኢንች ስክሪን ላይ ፊደሉ እንደ ጉንዳን ያንሳል። ፊደሉን ብታሳድጉት ገጹ ከስክሪኑ ይወጣል። ጽሑፍ ሆኖ የተዘጋጀ ፋይል፣ ለምሳሌ ኢፐብ፣ ግን ፊደሉን እንደ ፍላጎታችሁ ያሳድጋል። መጠኑም ሌላ ነው፤ 300 ገጽ ያለው የአማርኛ መጽሐፍ በጽሑፍ ብቻ ከሆነ ከ2 ሜጋባይት አይበልጥም፤ ያው መጽሐፍ በፎቶ ከሆነ ግን አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የምታነቡት በእንግሊዝኛም ከሆነ ማንበቢያው ገንዘቡን ያወጣል። አማርኛ ብቻ ከሆነና ያላችሁ ፋይል ሁሉ የፎቶ ፒዲኤፍ ከሆነ ግን ስልኩ ወይም ትንሽ ታብሌት ይሻላችኋል። ከወረቀትም አትሽሹ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ ደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዚያ አገር እየተጓዙ ማንበብ ለሚፈልግ ሰው የወረቀቱ መጽሐፍ ይከብዳል እንጂ ቻርጅ አይጠይቅም። ያ መጽሐፍ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ አገር እንዴት ያዳምጠው እንደነበር ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ድምፅ ለተጓዥ ብልሃት ነው። ስክሪኑ ስለሚጠፋ ባትሪ አይፈጅም፤ ዓይናችሁም መንገዱ ላይ ይሆናል።

ለመጻፍ

የአማርኛ ፊደል መሣሪያ ላይ ለማውጣት ሁሌም ብልሃት ጠይቋል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሱ ያጋጠማቸው ችግር ይሄው ነበር፤ 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፣ ቁልፉ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ስልካችን ላይ አንድ ፊደል ነክተን ሰባቱን ዘር የምናወጣው የዚያ ችግር ሌላ መፍትሔ ነው።

ብዙ የሚጽፍ ሰው ተጣጣፊ የብሉቱዝ ኪቦርድ ያምረዋል። 200 ግራም ገደማ ናት፣ ዋጋዋም ከታብሌት ያንሳል። ግን ልብ በሉ፤ ብዙዎቹ የስልክ የአማርኛ ኪቦርድ አፖች የተሠሩት ለስክሪን ንክኪ ነው። የብሉቱዙን ኪቦርድ ስታገናኙት አማርኛው ቀርቶ እንግሊዝኛ ብቻ ሊጽፍላችሁ ይችላል። ይሄንንም ከመክፈላችሁ በፊት በራሳችሁ ስልክ፣ በራሳችሁ አፕ ሞክሩት። ካልሠራ በአውራ ጣት መጻፍ ነው፤ ወይም በድምፅ ቀድቶ ቤት ገብቶ መገልበጥ።

ላፕቶፕስ? ለአራት ቀን ጉዞ አልመክርም። ቀላል የሚባለው እንኳን አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ ቻርጀሩ ሲጨመርበት ይብሳል። የገጠር ሶላር ደግሞ ላፕቶፕ አይችልም። አሮጌ ላፕቶፕ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። በውስጡ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ካለው፣ የዲስኩ ማንበቢያ ጫፍ የሚንሳፈፈው በቀጭን አየር ላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ መንሳፈፉ ያስቸግራል። ለዚህ ነው ብዙ አምራቾች 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ወሰን የሚያስቀምጡት። የጮቄ ጫፍ ከዚያ በላይ ነው። ኤስኤስዲ ያለው ላፕቶፕ ይህ ችግር የለበትም፤ ሸክሙ ግን ያው ሸክም ነው። ደብረ ማርቆስ ሆቴል ውስጥ አስቀምጣችሁት ብትወጡ ይሻላል።

የባትሪ ሒሳብ

ሱቅ ውስጥ «10,000 ሚሊአምፔር ነው፣ ስልክህን ሁለቴ ይሞላል» ይሏችኋል። ሒሳቡን እንሥራው። የፓወር ባንኩ ባትሪ 3.7 ቮልት ስለሆነ 10,000 ሲባል 37 ዋት ሰዓት ነው። ኃይሉ ወደ 5 ቮልት ሲቀየርና በኬብል ሲተላለፍ ሢሶው ገደማ በሙቀት ይባክናል። የሚተርፈው 24 ወይም 25 ዋት ሰዓት ነው። የ5,000 ስልክ ባትሪ 19 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ይሞላውና ሩብ ያህል ይተርፈዋል። ሁለቴ አይደለም።

ይበቃል ወይ? በእኔ ልምድ ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጌ በቀን ሁለት ሰዓት ባነብ፣ አንድ ሰዓት ብጽፍና ትንሽ ድምፅ ብቀዳ ከባትሪው ግማሹ ይሄዳል። አራት ቀን ማለት ሁለት ሙሉ ባትሪ ነው። አንዱን ከከተማ ሞልቼ እወጣለሁ፣ ሌላውን ፓወር ባንኩ ይሸፍናል። ኤሮፕሌን ሞዱን ግን አትርሱ። ገደል ውስጥ ሆኖ ኔትወርክ የሚፈልግ ስልክ ሳትነኩት ባትሪውን ይጨርሳል። ከአራት ቀን በላይ ከሆነ ወይም ሁለት ሆናችሁ የምትጋሩ ከሆነ 20,000ው ይሻላል። እሱ 74 ዋት ሰዓት ስለሆነ አየር መንገዶች በእጅ ሻንጣ ከሚፈቅዱት 100 ዋት ሰዓት በታች ነው።

ጀርባ ላይ የሚንጠለጠል ሶላርስ? በክረምት አትድከሙ። በበጋም ቢሆን የሚሠራው ፀሐይ ፊት ለፊት ተዘርግቶ ሲቀመጥ ነው፤ እየሄዳችሁ ግን አንዴ ፀሐይ አንዴ ጥላ ነው። ለአራት ቀን ያው ክብደት በፓወር ባንክ ቢያዝ ያዋጣል።

ብርድ፣ ዝናብና ጭስ

የሊቲየም ባትሪ ብርድ አይወድም። ሲበርደው በውስጡ ያለው ኬሚካላዊ ሂደት ይዘገያል፤ 30 በመቶ እያሳየ ድንገት ሊጠፋባችሁ ይችላል። አልሞተም፣ በርዶት ነው። ሌሊት ስልኩንም ፓወር ባንኩንም በካልሲ ጠቅልላችሁ ከጋቢያችሁ ሥር አሳድሯቸው። ውርጭ ላይ ያደረ ባትሪ ደግሞ ሳይሞቅ ቻርጅ አታድርጉ፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች መሙላት ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳዋል።

ከብርድ ወጥታችሁ እሳት ወደሚነድበት ቤት ስትገቡ ስልኩን ወዲያው አታውጡት። ሞቃቱ አየር ቀዝቃዛው ስልክ ላይ ውሃ ሆኖ ይቋጠራል። በተቋጠረ ፌስታል ውስጥ እንዳለ ቀስ ብሎ ይሙቅ። ዝናብ ላይ ደግሞ የንክኪ ስክሪን ጣታችሁን ከጠብታው አይለይም፤ ሊያስጽፋችሁ አይችልም። ለዚህ ነው ትንሽ ደብተርና እርሳስ ሁልጊዜ የምይዘው። የአንዳንድ እስክሪቢቶ ቀለም ውሃ ሲነካው ይፈሳል፣ ሲበርደው ደግሞ አልጽፍ ሊል ይችላል። እርሳስ ግን ሁለቱንም ይችላል።

የጠፋው ሙሾ

ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ለስልኩ ዋጋ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ በዚያው ደጋ ሲጓዝ አንዲት አሮጊት እናት ሙሾ ሲያወርዱ ይሰማል። አስፈቅዶ አንድ ሰዓት ያህል በስልኩ ቀዳቸው። በማግስቱ ወንዝ ሲሻገር ስልኩ ወደቀበትና ከነቅጂው ሄደ። ሌላ ቦታ አላስቀመጠውም ነበር። ከወራት በኋላ ተመልሶ «እማማ፣ ያን ቀን ያሉትን ይድገሙልኝ» ሲላቸው «ሙሾ እኮ በሰው ልክ ነው የሚወጣው ልጄ፤ ያ ለዚያ ቀን ነበር» አሉት። ሌላ አሉለት፤ ያኛውን ግን አልደገሙትም።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። በስልክ ያለ ግን ቅጂ ከሌለው ከቃልም ቶሎ ይጠፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ማታ ማታ፣ ከመተኛታችሁ በፊት፣ የቀኑን ጽሑፍና ድምፅ ወደ ኦቲጂ ፍላሽ ገልብጡ። አብሯችሁ የሚጓዝ ሰው ካለ በዜንደር ወደ እሱ ስልክም ላኩት፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ፍላሹ ስልኩ ባለበት ኪስ አይቀመጥ። የአንድ ሰዓት ንግግር ከ30 እስከ 60 ሜጋባይት ነው የሚወስደው፤ የአንድ ደቂቃ ጥሩ ቪዲዮ ያን ያህል ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ቃሉን ከፈለጋችሁ ድምፅ ቅዱ፣ ቪዲዮው ለፊት ገጽታ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ከመቅዳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ የት እንደምታወጡትም ንገሯቸው። ቃሉ የእነሱ ነው።

እንግዲህ ምን እንያዝ?

ገንዘብ ለሌለው፦ ያላችሁ ስልክ፣ 10,000 ፓወር ባንክ፣ አንድ ኦቲጂ ፍላሽ፣ ደብተርና እርሳስ፣ ሁለት ጠንካራ ፌስታል። ስልኩና ፓወር ባንኩ ተደምረው ግማሽ ኪሎ አይሞሉም።

ብዙ ለሚያነብ፦ በዚያ ላይ አማርኛ ማሳየቱ የተሞከረ የኢ-ኢንክ ማንበቢያ።

ብዙ ለሚጽፍ፦ በማንበቢያው ፋንታ ከስልካችሁ ጋር በአማርኛ የተሞከረች ተጣጣፊ ኪቦርድ፣ ፓወር ባንኩም 20,000።

ከዚህ በላይ የሚጨመር ነገር ካለ በሦስተኛው ቀን ዳገቱ ራሱ ይነግራችኋል። ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ምረጡ። ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጉና ከጠዋት እስከ ማታ ሶኬት ሳትነኩ አንብቡበት፣ ጻፉበት፣ ቅዱበት። ማታ ፋይሉን ገልብጡ። ቤታችሁ ውስጥ ያስቸገራችሁ ነገር ጮቄ ላይ አይቃናም፤ ቤት ውስጥ የሠራላችሁ ግን ጋቢ እስከለበሰ ድረስ እዚያም ይሠራል።